ወደ ሰሜን አልኳቸው

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አራተኛው ተንሳፋፊ መለኪያ ዛሬም ዝም ብሏል። ኦቦክ ላይ መለኪያዎቻችንን የሚጠብቅልን ዓሣ አጥማጅ፣ ሐንፈሬ፣ ደወለ። አሰብ ወደብ ሲሠራ በለመደው አማርኛ "ወፍ ሰፍሮበታል፣ ኩሱን ጠርጌ እነግርሃለሁ" አለኝ። ወፉ ጅቡቲ፣ ራስ ምታቱ ዙሪክ...

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረፍ ውሃው በየሰዓቱ ወዴት እንደሚሄድ ስንመዘግብ ኖረናል። አለቃዬ ዛሬም ስብሰባ ላይ "ለማን ይጠቅማል?" አለች። ለዓሣ አጥማጁ፣ ለወደቡ፣ ዘይት ሲፈስ... ብዬ ደረደርኩላት። አላመነችኝም። ያንን ውሃ በኮምፒውተር በማስኬድ ግን የሚደርስብኝ የለም። ይህን ለሰው አልናገርም፣ እዚህ ልጻፈው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

እትዬ የወይንሐረግ ከጄኔቭ ደወሉ። ድምፃቸውን አላወቅኩትም። ልጃቸው ዕዝራ... ትናንት ከኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ተገልብጧል።

ዕዝራን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ስድስት ዓመት ለፍተዋል። ውሳኔው ሲመጣ ልጁ አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር፣ ከእናቱ ጋር መኖር አይችልም ተባለ። አሁን ሃያ ሁለት ነው። መንገድ መጀመሩን አልነገራቸውም።

እዮብ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ተርፏል። ዕዝራ ባዶ ጄሪካን አቅፎ ሲንሳፈፍ አይቶታል። "በሕይወት ነበር አለ" አሉኝ እትዬ። ከዚያ፣ "ኅሩይ፣ አንተ የባሕሩን መንገድ ታውቃለህ። ልጄን ወዴት ወሰደው?"

አገር ለቅቄ ስመጣ፣ ጄኔቭ ዳር ኦኔ ያለ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓመት ያኖሩኝ ሴት ናቸው። አገኘዋለሁ አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ሐንፈሬ ከጓደኞቹ ጋር ጀልባውን ላወጣ ነው አለ። አንድ ጀልባ፣ በቀን አንድ አቅጣጫ። ሰሜን ወይስ ደቡብ? ያንን የምነግረው እኔ ነኝ።

የሚያስፈልገኝ የተገለበጡበት ቦታና ሰዓት ብቻ። እዮብን በስልክ እንድትጠይቅልኝ ለኤዶም ነገርኳት፣ ለእትዬ ሴት ልጅ። ጄኔቭ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ገና የገባች ልጅ ናት። ወዲያው ጽፋ ላከች፦ "9 ሰዓት ላይ። ከመርከብ መብራቱ ማማ ፊት ለፊት።"

ዘጠኝ ሰዓት። እነዚህ ጀልባዎች በጨለማ ነው የሚነሡት፣ ሌሊት ዘጠኝ መሆን አለበት። ስድስት ቀነስኩ፣ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ብዬ አስገባሁ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ባሕር ላይ፣ እንደ ተንሳፋፊ ሰው የሚሄዱ ሁለት ሺህ ነጥቦች በትኜ ሞዴሉን አስኬድኩት። በዚያ ሰዓት ባሕሩ እየጎደለ ነበር። ውሃው ከኦቦክ በስተደቡብ ካለው ሰላጤ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከዚያ ትልቁ ጅረት ይዞት ወደ ሰሜን። ከአሥር ነጥብ ዘጠኙ ሰሜን ሄደ። እንዲህ የጠራ ውጤት አይቼ አላውቅም።

"ወደ ሰሜን" አልኩት ሐንፈሬን።

"እርግጠኛ ነህ?"

ነኝ አልኩ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የለም። እስኪመሽ ፈልጎ ተመለሰ። ትንሽ ራቅ ብሎ ይሆናል፣ ነገም ሰሜን አልኩት።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ሥራ ጥዬ በጠዋቱ ባቡር ወደ ጄኔቭ። እትዬ ያተምኩላቸውን ካርታ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው የሰሜኑን ጠረፍ ይዳስሳሉ። "እዚህ ጋ ነው? ወይስ እዚህ?"

ኤዶም ኩሽና ውስጥ ሻይ ስትቀዳልኝ "ፀሐይዋ ዓይናችንን እየወጋችን ነበር አለኝ እዮብ፣ ዕዝራን በደንብ ማየት አልቻለም" አለች።

"የምን ፀሐይ? ሌሊት አይደለም እንዴ?"

"ኖን፣ ጠዋት። ሞተሩ ሌሊት ተበላሸ፣ እስኪነጋ ቆሙ። እሱ ሦስት ሰዓት ነው ያለኝ። አንተ በኮምፒውተር ነው የምትሠራው ብዬ ለአንተ በፈረንጅ አደረግኩት። ዘጠኝ።"

እሷ ለእኔ ብላ ቀየረችው። እኔ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈችው ብዬ ሁለተኛ ቀየርኩት። ጠዋት ነው ማታ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አንድ መልእክት ነበር...

ላፕቶፑን እዚያው ከፈትኩ። ስድስት ሰዓት ማለት በዚያ ባሕር ጉድለቱ ሙላት የሚሆንበት ጊዜ ነው። ነጥቦቹ በሙሉ ዞረው ወደ ሰላጤው ውስጥ ገቡ፣ ወደ ደቡብ። ሐንፈሬ ጋ ስደውል ሩቅ ሰሜን ነው፣ ነዳጁም እያለቀ። ነገ ጠዋት አለኝ። ነገ...

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

አገኘው። ደቡብ፣ አዲሱ ሞዴል ካሳየው ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ሐንፈሬ ሌላውን መናገር አልፈለገም። እኔ ነኝ የጨቀጨቅኩት። ዕዝራ ውሃ አልገደለውም። አሸዋው ላይ ወጥቷል፣ ወዲያና ወዲህ የሄደበት ዱካ አለ። ሸሚዙን እንጨት ላይ አስሮ ወደ ባሕሩ ተክሎታል። የገደለው ጥም ነው። "ከሞተ ቢበዛ ትናንት ነው" አለ።

ሐሙስ ደቡብ ብዬ ቢሆን ያንን ሸሚዝ ያዩት ነበር። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ለቅሶ፣ ኦኔ። ዕዝራን እዚያው ኦቦክ ቀብረውታል። ሰው ኮሪደሩ ድረስ ሞልቷል። እትዬ ለገባው ሁሉ "የስንቱ ልጅ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። የእኔን ኅሩይ ነው ለአፈር ያበቃልኝ" ይላሉ። ባሕሩ የገደለው ነው የሚመስላቸው። ሸሚዙን አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

አለቃዬ ሰምታለች። "ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ? ይህ ዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ መግባት አለበት" አለች፣ ደስ ብሏት። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

እንደገና ጄኔቭ። ኤዶም እህል አትቀምስም። እትዬ "ሁዳዴውን አጠበቀችው፣ ለወንድሟ ነፍስ ነው" ይላሉ። የጾም ገጽታ አይደለም።

በረንዳ ላይ ያዘችኝ። "ጋሼ ኅሩይ፣ እኔ ባልቀይረው ትክክል ነበር፣ አይደል?"

"ተይ፣ አንቺ ምንም..."

"ሲልቱፕሌ፣ እባክህ አትዋሸኝ። መቼ ነው የሞተው?"

ወደ መንገዱ ዞርኩ። መዞሬ መልስ ሆነላት።

"ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም" አለች። "ከዚያ እኔ ገደልኩት።" እንባ የላትም። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል፣ ቀጥኗል።

ለእናትየው ብነግር ልጃቸውን ሁለተኛ እገድልባቸዋለሁ። ባልነግር ይህቺኛዋም ትሞትብኛለች።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

መናገር አለብኝ። አምላኬ፣ አልችልም።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ተናገርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ባለበት፣ ኤዶም እየሰማች። "ኤዶም የላከችልኝ ሰዓት ትክክል ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ሁለት ቀን ሙሉ በተሳሳተ ቦታ አስፈለግኳቸው። ዕዝራ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።"

እትዬ ቀስ ብለው፣ "ውሃ ጠምቶት?" አሉ።

"አዎ እትዬ።"

ተነሡ፣ ካፖርቴን ከመስቀያው አወረዱ፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ትራም ጣቢያው ድረስ ሳልለብሰው፣ ይዤው ሄድኩ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሽሊረን፣ ዙሪክ ዳር ያለው ቤቴ። እትዬ እስካሁን ስልኬን አያነሡም። አይፈረድባቸውም። የሚያነሡ አይመስለኝም፣ ለፋሲካም፣ ለሌላም ጊዜ። እዚህ አገር እናት ብዬ የምጠራቸው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኤዶም ደወለች።

"ማማ ስምህን ቤት ውስጥ አትጥሪ አለች። እና ውጪ ወጥቼ ነው።"

"እናትሽን ስሚ። ተይኝ፣ አትደውዪ።"

"ኖን።" የመኪና ድምፅ ይሰማኛል። "ጋሼ ኅሩይ፣ ምሳ በላሁ።"

"ምን በላሽ?"

"ምስር። ሁለት ሳህን።"

ጎሽ አልኳት።