የታመመ አፉን አስራችሁ ስለመረመራችሁት ውሻ

ለተከበሩ የእንስሳት ክሊኒካችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎና ሠራተኞችዎስ ደህና ናቸው? እኔና ባለቤቴ አልጋ ላይ ባንውልም ደህና ነን ለማለት አልደፍርም። ለእርስዎ ግን ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጥርስዎና ለድድዎ። ለምን እነሱን እንደመረጥኩ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል። ማንበብና መጻፍ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በአጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ፤ በነገሩ ላይ ግን ጉድለት አያገኙም። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁት፣ ቢሮዎ ድረስ በተመላለስኩ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለተባልኩና ጋዜጣ በስብሰባ መሀልም እንደሚነበብ ስለማውቅ ነው።

ጉዳዩ ጎረምሳ የምንለውን ውሻችንን ይመለከታል። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤታችንን ሲያዝ የኖረው እሱ ነበር። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ስትኳረፍ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው፤ እኔም መልሴን በእሱ በኩል እልክላት ነበር። አንድ ጠዋት ምግቡን እያሸተተና እየጓጓ መብላት አቃተው። ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ አፉን በፊት እግሩ ይፍቃል። ይዘነው ወደ እናንተ መጣን።

አንደኛ፤ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። በራፋችሁ ላይ "ማንኛውም ውሻ አፉ ሳይታሰር አይገባም" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ዘበኛውም በደንቡ መሠረት የቆዳ ማሰሪያ አምጥቶ የጎረምሳን አፍ ግጥም አድርጎ አሰረው። ደንብ ነውና አልተከራከርኩም። ዶክተሩ ግን ምርመራውን ጀምሮ እስኪጨርስ ማሰሪያውን አልፈታም። ጆሮውን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ፣ ሙቀቱን እርስዎ በሚያውቁት በኩል ለካ፣ ጅራቱን እንኳ ቀና አድርጎ በጥሞና ተመለከተ። አፉን ያመዋል ተብሎ ለመጣ ውሻ ከአፉ በቀር ያልታየለት ቦታ አልነበረም። ባለቤቴ "ዶክተር፣ ልጄ፣ እስቲ አፉን እይልን" ብትለው "እማማ፣ ይነክሳል፤ ደንቡም አይፈቅድም" አላት። እኔ ልያዝልህ ብለው አልሰማኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሳኔው ፍጥነት አመሰግናለሁ። ዶክተሩ "እርጅና ነው፣ አባባ" ሲል ዓይኑ ከውሻው ላይ ተነስቶ እኔ ላይ ነበር፤ ሁለታችንን በአንድ ምርመራ መጨረሱ ጊዜ ቆጣቢነቱን ያሳያል። መብላት ላቃተው ውሻ ያዘዘለትም ከምግብ ጋር የሚሰጥ ኪኒን ነው።

ሦስተኛውን ባለቤቴ እንዳልጽፈው አስምላኛለች፤ ስለዚህ በምርመራው መሀል ከዶክተሩ እጅ ስላልወረደው ሞባይል አላነሳም።

አራተኛ፤ ጎረምሳ ሳምንቱ ሳይሞላ ሞተ። ልቀብረው በአንሶላ ስጠቀልለው መንጋጋው ተከፈተ። ከላንቃው ሥር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው፣ እንደ በር መወርወሪያ የተጋደመ ስባሪ አጥንት አየሁ። ገፋ ባደርገው ወጣ። በጣቴ፣ ክቡርነትዎ፤ በጣቴ!

አጥንቱን ይዘን ተመለስን። ዶክተሩ አየት አድርጎ "ማን ነው የሰጠው?" አለ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና "እኔ፤ ከሾርባው አውጥቼ" አለች። "ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?" ብሎ ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞረ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ "እኔ ነኝ የገደልኩት" ትላለች። ዕቃ ስታጥብ ትለዋለች፣ በር ስትዘጋ ትለዋለች። ሾርባ መሥራት ትታለች። የውሻውን ሳህን ከቦታው እንዳነሳው አትፈቅድም፣ እሷም አታየውም። አንቺ አይደለሽም ብላት "አንተማ አዝነህልኝ ነው" ትለኛለች። አንድ ቤት አብረን ስናረጅ በቃሌ ያላመነችኝ ገና አሁን ነው። ለካ የዶክተርን ቃል የሚሽረው የዶክተር ቃል ብቻ ኖሯል።

ስለዚህ ካሳ አልጠይቅም፤ ክስም አልመሠርትም። የምጠይቀው እርስዎ ወይም ዶክተሩ ቤታችን መጥታችሁ፣ ከፊቷ ተቀምጣችሁ፣ "አፉን ከፍተን ብናይ ኖሮ ይድን ነበር" እንድትሏት ብቻ ነው። በራችን ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ማንም አፉ ሳይታሰር ይገባል። እስከዚያው እኔ በየጠዋቱ ከክሊኒክዎ በራፍ ላይ ቆሜ፣ ውሻ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ ከማሳሰሩ በፊት አፉን ከፍቶ እንዲያይ በትሕትና እመክራለሁ። እግሬ ለመቆም ደህና ነው፤ የዶክተሩ እርጅና ገና እሱ ጋ አልደረሰም።

ደንብ አክባሪነትዎ ዕድሜዎን ያህል እንዲረዝም፣ ስብሰባዎ ግን አንድ ቀን እንዲያልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የክሊኒክዎ የቀድሞ ደንበኛ፣
የጎረምሳ ጌታ፣
ጥፋት የሌለባት የአንዲት ሴት ባል

የተረሳ ነገር፦ ጎረምሳን ያሰራችሁበትን የቆዳ ማሰሪያ ክሊኒኩ ውስጥ የፈታለት ስላልነበረ፣ እንደታሰረ ይዞት ቤት መጥቶ እኛ ፈታንለት። ባለቤቴ የሰው ንብረት ነው ብላ አጥባ፣ በቅባት አለስልሳ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች፤ ሲመጡ ይወስዱታል። በፖስታ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ጎረምሳ በጠየቅሁ ቁጥር ከዘበኛው እስከ ዶክተሩ ሁሉም ዝም ሲሉኝ፣ ለሠራተኛው ሁሉ የሚበቃ ማሰሪያ እንዳላችሁ ተረድቼ ተውኩት።