ደወል የመታው ሰው ቁስል

መጋቢት ፪፣ ሐሙስ፣ ጧት

እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍብሽ፣ ደብተሬ። ስድስት ቁስለኛ አርበኛ አጥቤ ጨረስኩ። ጨው ውሃ፣ ማር፣ ፌጦ። ጨርቅ አልቋል። ደጀ ሰላሙ፣ ያ የዝክር ጠላ የሚጠጣበት ቤት፣ ከደም ሽታ የተነሣ አያስገባም። ሰባተኛው፣ ያ ከደብረ ታቦር የመጣው፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ነበር። ዐረፈ።

ጥሩነሽ ነጠላዋን ቀድዳ ለፋሻ ሰጠችኝ። የወንድሜ የታከለ ሚስት ናት። ባንዳ ታከለን አውድማው ላይ ተኩሶ ጣለው፤ ገና ነፍሱ ሳትወጣ ከነዶው ጋር አቃጠለው። ፍትሐት ያደረስኩለት ግማሽ ሬሳ ነው። ሁለት ልጆች ቀርተዋታል። እኔም ቄሱ፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለሰው ግን ይቅር በሉ እላለሁ። አፍ ምን ከበደው።

መጋቢት ፬፣ ቅዳሜ፣ ፱ ሰዓት

ከታች፣ የወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ ተኩስ ሲንጣጣ ዋለ። አርበኞቹ ባንዳውን ፈጁት። አንዱ ባንዳ እግሩን እየጎተተ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባና የድንጋዩን ደወል ሦስት ጊዜ መታ። ደወል የመታ የታቦቱ ነው፤ አባትህን የገደለ ቢሆንም ግቢ ውስጥ እጅ አታነሣበትም። ሮጬ ወጣሁ። አድማሱ! የንስሐ ልጄ። የታከለ ገዳይ።

አሳዳጆቹ በር ላይ ቆሙ። አለቃቸው ባላምባራስ ይመር ደፉን ተሳልመው፣ አልገባም፣ ከደጅም አልነሣም አሉኝ። እግሩ ከወጣ የእኔ ነው፤ ውስጥ ከሞተም ግልግል ነው አሉ። ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ካላጠቡት ሰንበቶ አይሰነብትም አይደል አባቴ፣ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደወል ከጥይት እንጂ ከቁስል አያድንም።

መጋቢት ፭፣ እሑድ

አልቀደስኩም። ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ ለባልንጀራዬ ለቀቅሁ። ውሸቴን ነው። ይህን ቂም ይዤ እንዴት ሥጋ ወደሙ እነካለሁ?

ስድስቱን አጠብኩ። እሱን ዘለልኩት። ጥሩነሽም ውሃ ስታድል ዘለለችው። አየኋት፤ አየችኝ። ውሃ፣ ውሃ ይላል። ይበል። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

መጋቢት ፮፣ ሰኞ

ሸተተ። ዝንብ ወረሰው። ጭኑ እንደ ቅል አብጧል። የዕለቱ ንባብ ደግሞ ስለ ታመመና ስለ ተጠማ ሰው። እያነበብኩ ላብ አጠመቀኝ።

ምላጩን በእሳት አጋልኩ። አራት ሰው ያዘልኝ፤ ጠፍር አስነከስኩት። ስቀድደው መግሉ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ጥይቱን በወረንጦ ስፈልግ ጠፍሩን ተፋና ይለፈልፍ ጀመር። ማንም አላዘዘኝም፣ ጠመንጃ እንዲሸልሙኝ ብዬ ነው አለ። ታከለ እሳቱ ውስጥ ሆኖ የእርስዎን ስም ነው የጠራው አለኝ።

ወረንጦው ጥይቱን ይዞ ነበር። አላወጣሁትም። አጥንቱ ላይ አዞርኩት። አንዴ። ሁለቴ። ጩኸቱ ጣፈጠኝ። ቀና ስል የያዙልኝ ሰዎች እሱን ሳይሆን እኔን ያያሉ። አወጣሁት። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ። ቁስል አጣቢ ነኝ ወይስ ገራፊ? እሱንም እንጃ።

መጋቢት ፰፣ ረቡዕ

ቁስሉ መለስ ብሏል፤ ደም ግን አልቀረለትም። ወተት ካልጠጣ ያልቃል። እምቢ አለ። ሁዳዴ ነው አለ! ሰው ከነነፍሱ ያቃጠለ ጾም መግደፍ ፈራ። ሳቅሁ፤ ከዚያ አፌ እስኪደክም ሰደብኩት። የንስሐ አባትህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ፣ ጠጣ አልኩት። ያው ኃጢአቴ ይበቃኛል፣ ሌላ አይጨምሩብኝ ብሎ ጥርሱን ገጠመ።

የምትታለብ ላም ያለችው ጥሩነሽ ጋ ብቻ ነው፤ የልጆቿ ጉሮሮ ናት። ልለምናት ሄድኩ። እሷ ግን ነገሩን ሰምታ ኖሮ የወተት ጮጮዋን ይዛ ቀድማኝ ወጣች። ልትፈነክተው ነው ብዬ ተከተልኳት። በጥፊ አጮለችው። በጉልበቷ ደረቱ ላይ ወጥታ መንጋጋውን ፈለቀቀች፤ አንቆረቆረችበት። ሞተህማ አታርፍም፣ አባት ያሳጣሃቸውን ልጆቼን አርሰህ ታበላለህ አለችው። እያለቀሰ ዋጠ። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

መጋቢት ፱፣ ሐሙስ፣ ፮ ሰዓት

ጣሊያን ከደብረ ታቦር ተነሥቷል። ቁስለኛ የሸሸገ ደብር ሊያቃጥል ነው ተብሏል። ስድስቱን ቃሬዛ ላይ አስረናል፤ ወደ ጉና ተራራ፣ ወደ ዋሻው። ታቦቱም ይወጣል። አድማሱስ? ትተነው ብንሄድ ከደጀ ሰላሙ ጋር ይነድዳል፤ ጌቶቹ ቢደርሱለትም የዋሻውን ምሥጢር ያወጣል። ብናወጣው ባላምባራስ ደጅ ላይ ናቸው። ከሰዎቻቸው አንዱ ካራውን እየዳሰሰ፣ አባቴ ፊትዎን ብቻ ያዙሩልን አለኝ። ፊት ማዞር አውቅበታለሁ። እሑድ አዙሬ ነበር።

ቆረጥኩ። አዝለዋለሁ። ወጥቼ ለባላምባራስ ነገርኳቸው። ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። የታዘለ ሰው ጀርባው ለእኔ ነው፣ እርስዎን ሳልነካ እሱን አገኘዋለሁ አሉ። ጥሩነሽ ሰማች። ልጆቿን ለጎረቤት አስረክባ መጣች። ከኋላው እኔ እሄዳለሁ፣ የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ባለ ደም ሳይተኩስ የሚተኩስ ካለ በእኔ ዐልፎ ይተኩስ አለቻቸው። መሬት መሬት አዩ። አፈሙዙ ግን አልወረደም።

ጭስ ከታች ታየ። ቃሬዛዎቹ ወጥተዋል። ሰዎቹ አድማሱን ጀርባዬ ላይ ሊጠፍሩት አንሥተውታል፤ ጥሩነሽ ይነሡ እያለችኝ ነው። ታከለ ወንድሜ፣ እንግዲህ ገዳይህን አዝዬ ልወጣ ነው።