በፊት በር ያንኳኳ ባል

ክሮው ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

አንተ ሄድሊ!

አዎ፣ አንተን ነው። ዞር ዞር አትበል። እስቲ ልጠይቅህ፤ የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው የት አገር አየህ? ጣራውን አባትህ የመቱት፣ ወለሉን አንተ ተንበርክከህ ያነጠፍከው ቤት ነው። እሺ ይሁን፣ አንኳኳህ፤ ግን በፊት በር? ያ በር ለሬሳና ለሙሽራ ካልሆነ እንደማይከፈት ማን ይንገርህ? እናትህ የወጡት በዚያ ነው፤ እኔ የገባሁት በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጭው ደረጃ እንኳ የለውም።

ሰላምታው ቀረ። ሰላም ነህ ወይ? የኔ ፍቅር ብዬ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝ። የኔ ፍቅር፣ ያ እግርህ ለሥራ በሄድክበት በሩቁ አልበርታ ብርድ እንዴት ሆነልህ? በል አሁን ስማኝ።

ነገሩን ሁሉ ገስ ነግሮኛል። የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳው ገስ፣ ለዱልሲ እንዳትነግራት ብለህ አደራ የሰጠኸው ገስ። በወንፊት ውሃ ቀድተህ ነው የሄድከው። እንግዲህ አንተ የሰማኸው ከበሩ ውጭ ሆነህ ነው። ከበሩ ውስጥ የነበረውን ደግሞ እኔ ልንገርህ፤ ከዚያ ፍረድ።

በረዶው የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ማታ ነው። ጠዋት ስነሳ ቤቱ ጨለማ፣ መስኮቱ ሁሉ በነጭ ተለስኗል። የጓሮውን በር ወደ ውስጥ ስስበው ሌላ በር ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከበረዶ የተሠራ፣ የእጀታው ቅርጽ ሳይቀር የታተመበት። ሬዲዮው ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ መንገድ የለም፣ ጀልባ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም አለ። ትምህርት ቤት ከሌለ የትምህርት ቤቱ ማድቤት የለም፤ ማድቤቱ ከሌለ ለዚያ ሁሉ ውሪ ሾርባ የሚያማስል የለም። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ተመልሼ ተኛሁ። ከተጋባን ጀምሮ በቀን ተኝቼ አላውቅም፤ ታምሜም ቢሆን።

የቀሰቀሰኝ ግድግዳውን የሚቧጥጥ ነገር ነው። ወንድምህ ባክስተር ከጀርባችን ካለው ቤቱ ተነስቶ በበረዶው ሆድ ውስጥ ዋሻ እየቆፈረ እስከ ጓሮ በራችን መጣ። ከላይ ብታየው ሜዳ ነው፤ ከሥር እንደ አይጥ እንተላለፋለን። ከኋላው ሚስቱ ሜልባ የጨው ሥጋ በባልዲ ይዛ፣ ከሷ ኋላ ጎረቤታችን አክስት ፊሎ ዓሣ በሚጫንበት ትልቅ ትሪ ላይ ተቀምጣ እየተጎተተች። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴትዮ የባክስተርን አኮርዲዮን እንደ ሕፃን እቅፍ አድርጋዋለች። ብቻዬን ከምሞት ከናንተ ጋር ልሰልች አለችና ምድጃው አጠገብ ያለውን ወንበርህን ያዘች።

ሄድሊ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልዋሽህም። ደስ አለኝ። ሰው ያለቅሳል፣ መብራት ተቆርጧል፣ በየመንደሩ ሰው ተጨንቋል፣ እኔ ግን ደስ አለኝ።

የጨው ሥጋውን ከድንች፣ ከጥቅል ጎመንና ከአተር ክክ ጋር በትልቁ ድስት ጣድነው። ባነሰ ቁጥር አንዱ ከቤቱ የቀረውን እያመጣ ይጨምርበታል፤ ድስቱ ከምድጃው ወርዶ አያውቅም። ዳቦ ጋገርኩ፤ ትኩሱን ቆርሰን ሞላሰስ፣ ያን ጥቁር የስኳር ማር፣ አፍስሰንበት፣ ሳህንም ሳንል፣ ቆመን በላነው። እግራችንን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን ሜልባ የዘር መሸጫውን መጽሔት ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ በዚህ የድንጋይ አገር ሐብሐብ ልንዘራ ተማማልን። ከሰገነቱ መስኮት ወጥቼም ከጣራችን ላይ በዓሣ ትሪ ተንሸራተትኩ። አዎ፣ እኔ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ። ቀሚሴ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ወንድምህ ዓይኑን በባርኔጣው ሸፈነ፤ ሜልባ ግን አልሸፈነችም፤ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

የካርታ ጨዋታውንማ ምን ልንገርህ። አክስት ፊሎ ታጭበረብራለች፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም እንደምናውቅ ታውቃለች። ባክስተር እጇን ቢይዛት፣ አንተ ልጅ፣ እኔ በቅርቡ አምላክ ፊት ልቀርብ ነው፣ የምናዘዘው ነገር ያስፈልገኛል ብላ አፉን አስያዘችው።

አረንጓዴ ሹራብህንም ፈታሁት። ክር ሲተረተር እንዴት ደስ እንደሚል ታውቃለህ? አንዱን ጫፍ ሜልባ ይዛ ክፍሉን እየዞረች፣ እኔ እየጠቀለልኩ። ካልሲ ሠራሁበት። አትቆጣ። ያንተ ሽታ ገና ነበረበት። ይሄን ለምን እንደጻፍኩልህ አላውቅም።

ስልኩስ ትለኛለህ። አውቃለሁ፣ ትለኛለህ። ከመብራቱ ጋር ተቋርጦ የነበረው ስልክ ቅዳሜ ተመልሶ ነበር። አንዴ ጮኸ፣ ከግድግዳው ነቀልኩት። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናት፣ ለሥራ ልትጠራኝ ነው ብዬ ነው። ሰው ወደኔ የሚደውለው የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው፤ እስቲ ለጥቂት ቀን ማንም አይፈልገኝ አልኩ። ሜልባ ሄድሊ ቢሆንስ አለችኝ። ሄድሊ ዜና አይሰማም አልኳት። ይኸውልህ፣ ያልኩት እሱን ነው። ቃሌን አልሸሽግም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ። ነፋሱ ቆሟል አሉ፤ እኛ ምን አውቀን፤ መስኮቱ እንደተለሰነ ነው፣ በቀን ፋኖስ ለኩሰን ነው የምንጫወተው። ለጭፈራ ቦታ እንዲለቅ ብለን ሶፋውን ፊት በሩ ላይ ደግፈነዋል። ባክስተር አኮርዲዮኑን አሳርፎ ሻይ ሲጠጣ ተንኳኳ።

ከዚያ ባክስተር በሳቅ ፈረሰ። እዚህ አገር ማን ያንኳኳል? ሰው ከሆነ በጓሮ ከፍቶ ይገባል፣ ማንቆርቆሪያውን ራሱ ይጥዳል፣ ከዚያ ነው ደህና ዋላችሁ የሚለው። የሚያንኳኳው ወይ ግብር ጠያቂ ነው፣ ወይ በገና ሰሞን ጭምብል አጥልቆ፣ ማን ነኝ እያለ በየቤቱ የሚዞር ጎረቤት ነው። ገና ደግሞ ካለፈ ቆየ። አንዱ ጭምብለኛ ከገና ጀምሮ መንገድ ጠፍቶት ነው አለ ባክስተር። አክስት ፊሎ የሞት መልአክ ከሆነ ይጠብቅ፣ ጥሩ ካርታ ይዣለሁ በሉት አለች። እንደገና ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ። ያኔ እኔ ተነስቼ ሶፋው ላይ ወጣሁና አፌን በሩ ላይ ደቅኜ ጮህኩ፦

«የኛ ሰው ከሆንክ በጓሮ ና፤ እንግዳ ከሆንክ መንገዱ ያውልህ።»

ሳቁን ሰምተኸዋል። ባክስተር ወደ አኮርዲዮኑ ተመለሰ፣ ሜልባ እጄን ይዛ አሽከረከረችኝ። እንደዚያን ቀን ጨፍሬ አላውቅም። በሠርጋችንም አልጨፈርኩም፤ ጫማው ጠቦኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሰገነቱ መስኮት ስወጣ ዱካ አለ። ከመንገዱ ወደ ፊት በሩ፤ በዚያ በኩል ነፋሱ ጠርጎት የተረፈው በረዶ ራሱ ደረጃ ሆኖልሃል። ከፊት በሩ ደግሞ ዞሮ ወደ ጓሮ። በጓሮ ና ስለተባለ በጓሮ መጥቷል። በረዶው ከጣራው ጋር የገጠመበት ቦታ ላይ ሰው በእጁ ቆፍሯል። የጣቶቹ ፈር ደርቆ ቆሟል። ብዙ አልቆፈረም፤ ክንዱ እስከ ትከሻው እስኪገባ። ከዚያ ዱካው ወደ መንገዱ ተመለሰ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ውጭ የዞረ ዱካ። ያን እግር የሸርጣን ማጥመጃው ጀልባው ላይ ሲወድቅበት ክረምቱን ሙሉ ያሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን እንዴት ልካደው? ግን ካድኩት። የሌላ ሰው ነው አልኩ። አልበርታ የት፣ እዚህ የት አልኩ። ወርጄ ቁርስ ሠራሁላቸው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ መንገዱ ሲከፈት ገስ ጆንያ ተሸክሞ ገባ፤ በጓሮ፣ እንደ ሰው። ባትሪ፣ የጣሳ ወተት፣ ያን እኔ የምወደውን ሻይ። ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ነው አለኝ ወለሉን እያየ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዳችን ላይ አንድ እፍኝ ጨው በትኖልን አያውቅ፣ የኔን ሻይ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቀው ብዬ ያዝኩት። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ስትደውል ስትደውል ስልኩ ዝም ማለቱን። ክሮው ኮቭ ተቆረጠች ሲባል ሰምተህ፣ ሥራህን ጥለህ በአውሮፕላን መምጣትህን። ከዋናው መንገድ እስከ ቤት በእግርህ፣ በዚያ እግር። ስትመለስ እሱ አግኝቶህ መኪናው ውስጥ ሲያስገባህ እጅህን መዘርጋት አቅቶህ ነበር አለኝ። ምን አገኘህ ብሎ ሲጠይቅህ ያልከውንም ነገረኝ፦

«ደህና ናት። ሳቋን ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ይበቃኛል? ማን ይበቃሃል አለህ? ለኔስ ይበቃኛል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ? አንተ በረዶ በልቷታል ብለህ አገር አቋርጠህ ስትመጣ፣ እኔ ሶፋ ላይ ቆሜ ያሳቅኳቸው ባንተ ነው። አሁን ይሄን ይዤ የት ልግባ? አፍ የለህም? «ሄድሊ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ብትላት ኖሮ ሶፋውን ከነባክስተር በሰገነቱ መስኮት እወረውረው ነበር።

ምን እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ። በመንደሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ጀልባውን ሸጠን ወደ አልበርታ እንሂድ ያልክ ጊዜ ያልኩህን ታነሳብኛለህ። ከሄድክ ስትመለስ እንደ እንግዳ አንኳኩ ብዬሃለሁ። ብዬሃለሁ፣ አልክድም። ግን በትዳራችን ስንት ነገር ብዬሃለሁ! ጣራው ያፈሳል ጠግነው ስልህ ስንት ክረምት አለፈ? አጥሩን ብዬ፣ ትንባሆውን ብዬ፣ አንዱንም አልሰማህም። ይቺን አንዷን ግን ቃል በቃል ፈጸምካት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ያንተን እግር ያሸሁ ሴት የራሴን አፍ ማሸት አቃተኝ።

ገስ በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እንደገና በረዶ ጣለና ሜልባ ካርታዋን ይዛ መጣች። አልቻልኩም። ሳቁ አፌ ላይ ደርሶ ጆሮዬ ወደ በሩ ይሄዳል። በዕድሜዬ የጣፈጡኝን ቀኖች አንስተህ ይዘህብኝ ሄድክ፤ ይሄንንም ቂም ይዤብሃለሁ። ባክስተርም ከሰማ ወዲህ አኮርዲዮኑን አልነካውም፤ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል።

አክስት ፊሎ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ይሄን ደብዳቤ ልጀምር ስቀመጥ ከላዬ ቆማ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሰደብሽው በአዳራሽ፣ ያባረርሽው በሰው ፊት፤ እርቁን በፖስታ ልትደብቂው ነው?» አለችኝ። ነደደኝ። ነደደኝና ባለፈው አርብ ጠዋት ሬዲዮ ደወልኩ፤ ሰዉ ስለ መንገድ ጉድጓድ የሚያማርርበት ፕሮግራም። ደሴቱ በሙሉ እየሰማ፣ ዱልሲ እባላለሁ፣ ከክሮው ኮቭ፣ ባሌን ከደጄ መለስኩት አልኩ። ከሥር ጀምሬ ሁሉን ተናገርኩ፤ ሳቁንም፣ ስልኩንም፣ የጣቶችህንም ፈር። ዋናዋ ቃል ላይ ስደርስ ጋዜጠኛው ሰዓታችን አልቋል አለና ወደ አየር ጠባይ ሄደ። ስለዚህ ያቺ ቃል አልተባለችም። እዚህም አልጽፋትም፤ በወረቀት የምትባል አይደለችም።

በል እንግዲህ። አምላክ ጣቶችህን ይማርልህ፣ ከክፉ ማሽን ይጠብቅህ፣ የምትበላው ይስማማህ። ካልሲው አብሮ ተልኳል፤ ቀኙ ሰፋ ያለው ላመመህ እግር ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በደብዳቤ እንዳትመልስልኝ። ለባክስተር በጆሮው ሹክ እንዳትል፣ በገስም እንዳትልክብኝ። አርብ ጠዋት ከዜናው በኋላ ወደዚያው ሬዲዮ ደውል፤ ከአልበርታም ሰው ይደውላል፣ ሰምቻለሁ። የሰደብኩህን የሰሙ ሁሉ፣ ያባረርኩህን የሰሙ ሁሉ ያን ሰዓት ሬዲዮ ከፍተው ነው የሚጠብቁህ። ስምህን ሙሉውን ተናገር። ከዚያ ትመጣ እንደሆነ ትመጣለህ፣ አትመጣም እንደሆነ አትመጣም፤ አንዱን በል፣ ሁሉም ይስማ።

አልፈልጋትም እስክትል ድረስ ሚስትህ፣

ዱልሲ