ስለ አንድ የግራ ተረከዝ

ለእህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም የልብስ ስፌት መኪናውን ድምፅ በሳልሽ እያጀብሽው ነው? ዓይንሽስ? በደብዛዛ አምፖል ክር አታስገቢ ብዬሽ ነበር፤ መቼም የታናሽ ምክር አይሰማም። እኔ ደህና ነኝ። ከጥርሴ በቀር ሁሉ ነገሬ ጤና ነው። ጥርሴም አላመመኝም፣ ብዙ ስለምስቅ ድካም ነው።

ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለቴ የወደቀ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። ምን ላድርግ፣ ስልክ ስደውል «አባባ» የምትለዋ ቃል ገና ከአፌ ስትወጣ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ልቅደደው ብትዪ እንኳ መጀመሪያ ታዪዋለሽ፤ ዓይንሽ ደግሞ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር እስከ መጨረሻው ካላነበበ አያርፍም።

ስለ እሳቸው እንዳትነግረኝ ብለሻል። ቃልሽን አከብራለሁ። ስለዚህ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ተረከዝ ነው። የግራ ተረከዝ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ፀጉር የሚያስተካክሉ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሲያስነጥሱ ጎረቤት የሚያስደነግጡ የአንድ ሰው ተረከዝ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ይህ ተረከዝ ጠዋት ጠዋት ጠላት ነው። ባለቤቱ ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጡ ምስማር የረገጡ ነው የሚመስሉት። እስከ መታጠቢያ ቤት ድረስ በሁለት እጃቸው ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ቀለሙ ላይ የእጃቸው መንገድ ወጥቶበታል። ትንሽ ሲራመዱ ይለቃቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲሠሩ ውለው ወደ ማታ ደግሞ መልሶ ይይዛቸዋል። አንዱ ደንበኛ፣ ጋሼ በአንድ እግሩ የቆመ ወፍ መሰሉ እኮ፣ አደራ ጆሮዬን፣ ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው። የሱቁ ባለቤት ግን አልሳቀም።

ሱቁ ሦስት ወንበር ነው ያለው። መካከለኛው ሃያ ሁለት ዓመት የእሳቸው ነው። የሱቁ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሁለት ጊዜ ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ጓሮ ሄደው ተረከዛቸውን ሲያሹ አግኝቷቸዋል። እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ካልተሻላቸው ወንበሩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ በአክብሮት ነገራቸው። የባሰው በአክብሮት መሆኑ ነው። ቢሳደብ ኖሮ ተሳድበው ይወጣላቸው ነበር።

እናም ሐኪም ቤት አመላልሳቸው ጀመር። የኔ የስልክ ጥገና እንደሆነ ጠዋት ሰው የለውም፤ ስልክ የሚሰበረው ከሰዓት በኋላ ነው። የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የምትሰበስብ፣ ቀልድ የማይገባት ልጅ ናት። ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶች የሚሄድ እንደ ቀበቶ የተወጠረ ጅማት አለ፤ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ነው የተጎዳው፣ ብላ አስረዳችን። በፎጣ ጣትን ወደ ራስ መሳብ፣ ጫማ ውስጥ ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ቀድሞውኑ አምስት ወር ሞክረውት አልሆነም። እንግዲያው በማሽን እንሞክረው አለች። ሾክዌቭ ይሉታል። ባለ ተረከዙ ኤሌክትሪክ መስሏቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። ኤሌክትሪክ አይደለም፣ የግፊት ሞገድ ነው። እጀታው ቁርጥ የፀጉር መቁረጫቸውን ይመስላል። ቀዝቃዛ ቅባት ተረከዙን ትቀባና ጫፉን ትደግንበታለች፤ ከዚያ ጠጠጠጠ ነው፣ ሁለት ሺህ ጊዜ። እኔ እንደገባኝ ሰውነት ያንን ቦታ ረስቶት ተኝቷል፤ ማሽኑ ደጁን ደብድቦ ተነስና ራስህን ጠግን ይለዋል። በሳምንት አንዴ፣ አምስት ሳምንት። ዛሬ ተመትቶ ነገ አይድንም፤ ቀስ እያለ ነው።

ሐኪሟ ትክክለኛውን ቦታ የምታገኘው ግን በታማሚው አፍ ነው። ጫፉን እያዘዋወረች፣ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያማል ትላለች። ቁጥሩ የሚጨምርበት ቦታ፣ እሱ ነው ቦታው። ኃይሉንም የምትጨምረው የምትቀንሰው በዚያው ቁጥር ነው።

አሁን ኃጢአቴን ስሚ። የመጀመሪያው ቀን ወረፋ ስንጠብቅ ስልችት አለኝ። ስልችት ሲለኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ጨው የስኳር ዕቃ ውስጥ የገባው ስልችት ባለኝ ቀን ነው። ከኛ በፊት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ሴትዮ ወጡ፣ ክንዳቸው የኔን ጭን የሚያህል። ቀስ ብዬ ባለ ተረከዙ ጆሮ ውስጥ፣ እኚህ ሴትዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ብለው ሐኪሟ አጨበጨበችላቸው፤ አመመኝ ያለውን ደግሞ ማሽኑ ይመዘግበዋል፣ አልኳቸው።

ገቡ። ስንት ያማል? ዜሮ። እዚህስ? ዜሮ። የአልጋውን ጠርዝ የጨበጠው እጃቸው ደሙ ሸሽቷል፣ ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል፣ አፋቸው ግን ዜሮ ነው። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆዴን ይዤ እሞታለሁ። ሐኪሟ፣ ዜሮ ከሆነ ታዲያ ለምን መጡ ብትላቸው፣ ልጁ አምጥቶኝ ነው አሏት።

ሁለተኛው ሳምንት ዜሮ። ሦስተኛውም ዜሮ፤ እንዲያውም ላባቸውም ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ግን ያው ግድግዳ ነው። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ በሽታው ምናልባት ሌላ ይሆናል፣ ማሽኑን አቁመን ለሌላ ምርመራ ልላካቸው መሰለኝ አለች። ሌላ ምርመራ ማለት ሌላ ወር ነው። ወንበሩ ደግሞ ሌላ ወር የለውም። እህቴ፣ ያ ላብ የት እንደጠፋ ልፈልግ ተነሳሁ።

ቤት ገብቼ የኮታቸውን ኪስ ብፈትሽ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አገኘሁ፣ ከአሥሩ አራቱ የሉም። ዜሮ ለማለት ብለው ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ሁለት ይውጣሉ! እንዲህ ዓይነቱ ክኒን ከሕክምናው በፊትም በኋላም እንዳይዋጥ ሐኪሟ የመጀመሪያው ቀን ተናግራ ነበር። እኔ ያን ሰዓት ልቤ የጋጋሪዋ ወሬ ላይ ነበር፤ እሳቸውም ልባቸው እዚያው ነበር።

ሄጄ ለሐኪሟ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አየር አስደበደብከኝ አለች። ያለችውን ሌላውን አልጽፈውም፤ ልክ ነበረች። ከዚያ ለአባባ ነገርኳቸው። ይኸው ወጣ፤ አባባ ናቸው፣ ተረከዙ የአባባ ነው። እዚህ ድረስ አንብበሽ አትቅደጂው። ጥፊ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን፣ ታዲያ ጋጋሪዋንም አሟቸው ነበር በለኛ? አሉኝ። ኧረ ሴትዮዋ ለትከሻቸው ነው የመጡት፣ ሲገቡም አላየሁም አልኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛው ሳምንት ያለ ክኒን ገቡ። ሐኪሟ በአውራ ጣቷ ፈልጋ ፈልጋ ማሽኑን ስታሳርፈው «ስምንት!» ብለው ጮኹ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ተራው የደረሰ መስሎት ብድግ አለ። በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን የያዙት በአንድ እጃቸው ብቻ ነበር። መልካም ምልክት ነው አልን።

ሐኪሟ ግን ነገር አያመልጣትም። ስምንት ብለው በጮኹበት በዚያው ቀን ጫማቸውን አንስታ አገላብጣ አየች። ሶሉ በውጭ በኩል እስከ ሥሩ ተበልቷል። ስንት ጊዜው ነው ስትል፣ አራት ወር አሉ። ቆሞ የሚሠራ ሰው ጫማ በአራት ወር እንዲህ አያልቅም፣ ይህ የመንገደኛ ጫማ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመው ያላመመዎ ሰውዬ ከዓመት ወዲህ ምን አዲስ ነገር ጀመሩ? አለቻቸው። ምንም፣ አሉ። አባባ ሲዋሹ ጆሯቸውን እንደሚነኩ ታውቂያለሽ። ነኩ።

ሱቁ ሲዘጋ ከኋላቸው ተከተልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ላሾፍባቸው ነው የተከተልኩት፤ ለአንድ ወር የሚበቃ ቀልድ አገኛለሁ ብዬ። የቤታችንን አውቶቡስ አሳለፉት። ድልድዩን ተሻገሩ፣ ዳገቱን ያዙት፣ እያነከሱ፣ እየቆሙ፣ አርባ ደቂቃ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ጥግ ሲደርሱ የመብራት ምሰሶ ተደግፈው ማዶ ያለውን ፎቅ ማየት ጀመሩ። ሦስተኛው ደርብ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ያለበት መስኮት። ጨለማ ነበር። ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መብራቱ በራ። ያኔ ዞር ብለው የመጡበትን መንገድ ያዙት። መንገዱን አልተሻገሩ፣ ደወል አልደወሉ።

የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም። አረንጓዴ መጋረጃ ያለው ሰው ብዙ ነው። ያንን መጋረጃ ስሰቅል መዶሻ ያገኘው አውራ ጣቴ ግን ትንሽ ጠዘጠዘኝ።

ያን ሁሉ መንገድ ስመለስ አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝም። በማግስቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩን ሄጄ ጠየቅሁት። እኚያ ሰውዬ ከዓመት በላይ ሆናቸው፣ ዝናብም አያስቀራቸው፤ አንድ ቀን ወንበር ላውጣልዎ ብላቸው አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው አሉኝ፤ እዚህ እኮ አውቶቡስ አያልፍም፣ አለኝ።

አንቺ ብቻዬን ተከራይቼ እኖራለሁ ብለሽ ከወጣሽ አሥራ አራት ወር ሆነ። ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺ ሲሉሽ እኔም እዚያው ነበርኩ። ክፉ ቃል ነው፤ ክፉ አይደለም አልልሽም።

ለሐኪሟ ስለ መንገዱ ነገርኳት። ስድስት ሳምንት ሩቅ መንገድ የለም፣ ዳገት የለም፣ ደረጃ የለም፤ አለዚያ እኔ ጠዋት የጠገንኩትን እሳቸው ማታ ይተረትሩታል፣ ወንበሩም ሄደ ማለት ነው አለች። አባባን ይዘን ተቀመጥን። ጎማ ያለው ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይሥሩ ስንላቸው፣ የሱቁ ባለቤትም ፈቅዶ ነበርና እሺ አሉ። ለስላሳ ጫማ ስንላቸው የሽማግሌ ጫማ ነው ብለው አጉረምርመው እሺ አሉ። የማታውስ መንገድ? ስትላቸው ግን ጆሯቸውን አልነኩም። እሱን ተዉልኝ፣ እሱን አልችልም አሉ።

ይቅር በያቸው አልልሽም። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ለኔ አይሆንም፤ እኔ የማውቀው ስለ ስልክና ስለ ተረከዝ ነው። ማስመሰሉንም ልተወው፤ ሥራ በዝቶብሽ ስታመሺ መብራትሽ አይበራም፣ መብራትሽ ካልበራ እሳቸው ከምሰሶው ሥር አይነቃነቁም። አንቺ ባመሸሽ ማግስት ጠዋት ግድግዳውን በሁለት እጅ ነው። ሰው በራሱ ቤት ያለውን ለማየት ዳገት አይወጣም፤ ይህችን ብቻ ነው ያሰብኳት፣ ለማሰብም ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሐሙስ አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ይህን ወረቀት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ በበርሽ ሥር አስገብቼው እሄዳለሁ፤ መልስም አልጠብቅም፣ ስልክም አልደውልም። ደብዳቤውን እንደጻፍኩም አባባ አያውቁም።

እንግዲህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ መርፌው ጣትሽን ይዝለልልሽ፣ ሳልሽን ለማልወደው ሰው ያድርግልሽ። ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ፣ የሚያስቅሽ ሰው አይጥፋብሽ።

አባባ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሰሶው ሥር ናቸው። አደራ፣ በመስኮት ጠርተሽ ይውጡ እንዳትዪያቸው። ደረጃ ተከልክለዋል። መውረድ ያለበት ሌላ ሰው ነው።

አክባሪሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ