በትንንሽ ፊደል የተጻፈው

ኦምካር፣

ጋዙን ዘግቼዋለሁ። የእኔ የቤት ቁልፍ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሱሺላ ጋ ነው። አልቀሰቀስኩህም፤ ብቀሰቅስህ እሰድብህ ነበር።

ለዲዋሊ በዓል አገር ቤት የምትሄድበትን ገንዘብ የኢንተርኔት ፖከር ቁማር ላይ የከተትከው "እጥፍ ቦነስ" ስላሉህ ነው። ቦነስ ስጦታ መሰለህ እንዴ? ብዙ ካልተጫወትክ አይለቁልህም፤ እሱን ስታሳድድ የራስህን ትጨርሳለህ። ለጀማሪ የሚሻለው ትንሹ ቦነስ ነው፤ ጥቂት ጨዋታ የሚጠይቀው፣ ረጅም ጊዜ የሚሰጠው። ይሄ ሁሉ እዚያው ከታች በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አንተ የምታነበው ትልልቁን ብቻ ነው።

"በዲዋሊ ካርታ ያልተጫወተ ሲሞት ተመልሶ አህያ ሆኖ ይወለዳል" እያልክ ስታሾፍብኝ ከረምክ። አንተ እስክትሞት መጠበቅም አላስፈለገህም።

ትናንት ማታ የተናገርኩህን...
እሱን እንተወው።

እናትህ ደውለው "ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ። ሥራ በዝቶበታል አልኳቸው።

ጠረጴዛው ላይ ካለው የበዓል ጣፋጭ ሳጥን ሥር የነገ ጠዋት ወደ አገርህ ናሺክ የሚሄድ አውቶቡስ ትኬት አለ። ደውለህ እንዳታመሰግነኝ። መልሼው እጫወትበታለሁ ብለህም አትልፋ፤ የዚህ ትኬት ገንዘብ አይመለስም። ትንንሹን ፊደል አንብቤዋለሁ።

ሚሊንድ