ብስክሌት የረሳው ባሌ

እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለልሽ ወይ? የጎረቤት ዳክዬዎች አሁንም ጎመንሽን ይጨርሱብሻል? እኔ ልጅሽም፣ የልጅ ልጅሽ ትንሿ ሚያኦም ደህና ነን። ጂንግሻንም ደህና ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ደግመሽ አንብቢያት፤ ባሌ ደህና ነው። ወረቀቱን ያነሳሁት እሷን ልጽፍልሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ እንዳስጨነቅሁሽ አውቃለሁ። ግን እስቲ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታስቢ ነበር? ጂንግሻንን ታውቂዋለሽ፤ እኔን ከኋላ፣ ልጃችንን ከፊት አፈናጦ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ በዝናብ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነው። በሠርጋችን ሰሞን እሱ ሳያቆም እኔ ሮጬ ከኋላው ዘልዬ ስቀመጥ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። ይኸው ሰው ከሦስት ወር ወዲህ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር መውደቅ ጀመረ። አንድ እሁድማ ሦስታችንንም ሰብስቦ ሸንኮራ ሻጩ ላይ ጣለን። ራት ላይ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የመብያ እንጨቱ ያመልጠዋል። ምን ሆነሃል ስለው፣ "ምንም፣ ደክሞኝ ነው" ይልና ፊቱን ያዞራል።

አባቱንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። መጀመሪያ የመብያ እንጨት፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ከዚያ ሰባት ዓመት አልጋ። አማቴ ሰባቱንም ዓመት በማንኪያ ሲያጎርሷቸው ነው ያረጁት። ስታጭ፣ "ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ ልጄ፣ አስቢበት" ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው፣ "ፋብሪካው ፈቃድ አይሰጠኝም" ይላል። የፈሩት ይደርሳል እያልኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የምሰፋበት ቤት ባለቤት ጨርቅ አምጪ ብላ ወደ ጨርቅ ተራ ላከችኝ። እዚያ በሩ ላይ ባለሦስት ጎማ የጭነት ብስክሌት የሚነዱት ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ደንበኛ አይመርጥም፤ ተራው የደረሰ ይጭናል። ተራው የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፓንግ የሚሏቸው ጥርስ አልባ ሽማግሌ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጭነት መጫኛው ላይ የተኛውን ሰው በእግራቸው ነካ አድርገው፣ "ተነስ አንተ እንቅልፋም! ሲሳይህ በእግሯ መጣች፣ ያውም ቆንጆ!" አሉት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

ሰውየው ባርኔጣውን አነሳ። ጂንግሻን ነበር፣ እኔው ያጠብኩለትን ሰማያዊ የፋብሪካ ልብስ እንደለበሰ።

ምን ልበልሽ እማዬ፣ እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ፣ "የት ድረስ ነው፣ እመቤቴ?" አለኝ። እኔም እንደማያውቀው ሰው መንገዱን ነገርኩት። ጨርቁን ጭኖ በገመድ ጠፈረው፤ እኔ ከላይ ወጣሁ። ከሕዝብ ገላ መታጠቢያው ጀርባ ያለችው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ፣ አሁን ወደቅን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ገመዱን ጨበጥኩ። ስገልጥ ታጥፈን አልፈናል። በጎማውና በግድግዳው መካከል አንድ ጣት አይገባም ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ አልታመምክም እንዴ?" ብዬ ጮኽኩ።

ፍሬኑን ያዘና ዞሮ፣ "ማን? እኔ?" አለ።

እዚያው መንገድ ላይ ቆመን ሁሉን ነገረኝ። ፋብሪካው ካሰናበተው አራት ወር ሆኖታል። በመጀመሪያው ሳምንት ባለሦስት ጎማውን እንደ ብስክሌት ዘንበል እያለ ሊያዞረው ሲሞክር፣ ያንኑ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሦስት ጊዜ ገጨው፤ ውስጥ ያሉት ሴቶች ቤቱ ሊፈርስ ነው ብለው ጮኹ። ሽማግሌው ፓንግ፣ "ይህ ዕቃ ክንድህን እንጂ ቂጥህን አይሰማም! ያንን ብስክሌትህን እርሳው!" አሉት። እሱም ረሳው። አሁን ብስክሌት ላይ ሲወጣ መሪውን ብቻ ይጠመዝዛል፣ ሰውነቱ ዘንበል ማለት እምቢ ይለዋል፣ ይገለበጣል። ፓንግማ ብስክሌታቸውን እየገፉ ነው ቤታቸው የሚገቡት አሉ። እጁም የሚንቀጠቀጠው ቀኑን ሙሉ ከጭነት ጋር ሲታገል ውሎ ነው። "ሥራ ፈት አገባሁ እንዳትዪ አፍሬሽ ነው" አለኝ።

እኔ ጨርቁ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ባሏ ከሥራ መባረሩን ሰምታ በደስታ ያለቀሰች ሚስት ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም። ልቤ ይረጋ ብዬ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ አገላብጦ አይቶት፣ "ክንድህን አሳርፈው" ብሎ የሚቀባ መድኃኒት ሰጠው።

ግን የሐሙሱን ልጨርስልሽ። ማታ ቤት ስንገባ አንድ ነገር ረስቼ ኖሯል። የሠርጌ ቀይ ሳጥን ከበሩ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል፤ ውስጡ የእኔና የሚያኦ የብርድ ጊዜ ልብስ ነው። "ይህስ የት ነው የሚጫነው?" አለ። ብል እንዳይበላው ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው። "የሰፈር ጭነት እንዲህ አይታሰርም። ይህ የሩቅ መንገድ ቋጠሮ ነው" አለ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ቀስ እያለ ፈታው፣ ሳጥኑን ወደ አልጋው ሥር ገፋው፣ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመ። "ጥሩ ገመድ ነው፣ ለሥራ እወስደዋለሁ" አለ። አፈርኩ፣ እማዬ።

ስለዚህ ለእኔና ለሚያኦ አስለቅቂልኝ ያልኩሽን ጓዳ ስኳር ድንችሽን መልሺበት። ያንን ደብዳቤም ምድጃ ውስጥ ክተቺው፣ አደራ። ለአዲስ ዓመት ሦስታችንም በባለሦስት ጎማው እንመጣለን። ብስክሌቱን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱን አጠገቡ አላስደርሰውም።

ጠዋት ጠዋት ጭነቱን በዚያው ገመድ ያስራል። እኔም ወጥቼ አንዱን ጫፍ እይዝለታለሁ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ለዳክዬዎቹም ልብ ይስጣቸው።

ቤቷ ያለችው ልጅሽ