ግማሹን ብቻ ያነበብኩት ቁጥር

ግድቡ ጥግ ለምትውለው ልጄ ይድረስ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ማንኩሽ ከአሶሳ ቢብስ እንጂ አይሻልም ይሉኛል፤ ውሃ አብዝተሽ ጠጪ። እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጎረቤታችን ሀምዲያ ወባው ለቋት ተነሥታለች። ፊቷ ትንሽ ገረጣ እንጂ አፏስ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ትናንት የሻይ ከርከዴዋን አስጥታ ዶሮዎቼን ስትሳደብ ነው የዋለችው። ልጇ ሀዲልም ከኩርሙክ መጥታ እናቷ ቤት በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው። ስም ገና አልወጣለትም፤ ድምፁ ግን ሰፈሩን ያዳርሳል። ሀምዲያ አቅፋው "ይሄ ነጋዴ ነው ወላሂ፣ ከአሁኑ ገበያ ይጠራል" ትላለች።

ከሀምዲያ የጀመርኩት ሌላ ወሬ አጥቼ አይደለም። በስልክ ቆርጬ ቆርጬ የነገርኩሽን ነገር ከሥሩ ልነግርሽ ስለሆነና እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ስለነበር ነው። ያን ዕለት እኔ ሳለቅስ፣ አንቺ "አይዞሽ እማ" ስትዪ ኔትወርኩ በመሐል ጥሎን ሄደ። ደግሞም በስልክ የማልለው ነገር አለኝ። ደብዳቤውን ሀብቱ ያደርስልሻል፤ ያ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሹፌር።

ወደ ሥራ ስትሄጂ አዲሱን ስልክ ይዘሽ አሮጌውን ከነሲም ካርዱ ለእኔ ትተሽልኝ የለ? "እማ፣ በዚህ ስልክ የቁጥር መልእክት ከመጣ ለማንም እንዳታነቢ" ብለሽኝ ነበር። እሺም ብዬ ነበር። እኔ ግን ማንም ስትዪ ሌባ፣ መንገደኛ ማለትሽ መሰለኝ እንጂ ጎረቤት ማለትሽ መች መሰለኝ! ሰፈራችንን ታውቂዋለሽ። ፊደል የምንለይ ጥቂት ነን፤ ስልክ የሌለውም ብዙ ነው። ከኩርሙክ የሚላክ ብር፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ፣ ከዘመድ የመጣ መርዶ ሳይቀር በእኔ ስልክ ነው የሚገባው። እኔም በቀርከሃው አጥር ላይ አንገቴን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የሰባተኛ ክፍል ትምህርቴ ለሰፈሩ የጠቀመው በዚህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ማንጎው ሥር ማሽላ እለቅም ነበር። ሀምዲያ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ መጣች። ወዲያው ስልኩ መልእክት ማስገባቱን አሰማ፤ አፍታም ሳይቆይ ተደወለ። ሰውየውን በድምፁ አላውቀውም፤ አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ የባንክ ሰው ይመስላል። "እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ሀዲል ከኩርሙክ ለእናቷ ለወይዘሮ ሀምዲያ ብር ልካ የመቀበያ ቁጥሩ በእርስዎ ስልክ ገብቷል፤ ያንብቡልኝና ልልቀቅላቸው" አለኝ። ሀዲል ብሎ፣ ሀምዲያ ብሎ፣ ኩርሙክ ብሎ ማን ይጠራጠራል? መልእክቶቻቸው በእኔ ስልክ እንደሚገቡም ያውቃል።

መልእክቱን ከፈትኩት። የፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለእኔ የሚነበብልኝ ቁጥሩ ብቻ ነው። ለካ ከቁጥሩ በታች ለማንም አትስጡ የሚል ተጽፎበታል፤ እኔ በምን ልወቀው? ጉሮሮዬን ጠርጌ "አራት... ዜሮ... ሰባት..." ማለት ጀመርኩ። ሀምዲያ የልጇን ስም ሰምታ ኖሮ "ምንድነው እሱ?" አለችኝ። ስልኩን በእጄ ከልዬ "ሀዲል ብር ልካልሻለች፣ እልል በይ" አልኳት። እልልታው ቀርቶ ብድግ ብላ፣ "ሀዲል? ሀዲል እኮ ቤት ውስጥ ተኝቷል! ሆዱ እስከዚህ ሆኖ ጠዋት መጣ! ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ዝጋ! ዝጋው!" ብላ በዚያው ሴቱን ወንድ በሚያደርገው አማርኛዋ ጮኸችብኝ። ለካ ያን ጠዋት እኔ ወፍጮ ቤት ሳለሁ ነው ሀዲል የገባችው። ሀምዲያ ያንኑ ልትነግረኝ ነበር አጥሩን የሾለከችው፤ ስልኩ ቀደማት።

ዘጋሁት። ተመልሶ ደወለ።  ሀምዲያ ከእጄ መንጭቃ አነሣችውና በበርታኛ አንድ ጊዜ ለቀቀችበት። ምን እንዳለችው ዛሬም ጠይቄያት "ለሴት አይነገርም" ብላኛለች። ሦስተኛ አልደወለም።

ያኔም ቢሆን ነገሩ የብር መቀበያ ማጭበርበር ነው ብዬ እንጂ በአንቺ የመጣ ነው ብዬ አላሰብኩም። ያወቅሁት ቢሊሴ ስትመጣ ነው። የጓሮውን ክፍል የተከራየችዋን፣ እናቴ ለማለት አዴ የምትለኝን የባምባሲዋን ልጅ ማለቴ ነው፤ አሁን ኮሌጅ ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ቀልድ ልነግራት ብዬ ስልኩን ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። "አዴ፣ ይሄ የብር መቀበያ አይደለም። ልጅዎ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘቧን የምታስቀምጥበት ድርጅት የላከው የመግቢያ ኮድ ነው" አለችኝ።

ወይ ልጄ! ዓይንሽ እስኪቀላ የፈረንጆቹን ጽሑፍ እያስተካከልሽ የሚከፍሉሽን እዚያ እንደምታጠራቅሚ አውቃለሁ። የማተሚያ ማሽንሽ፣ ውልሽ ሲያልቅ እዚህ የምትከፍቺው ሱቅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቢሊሴ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። "ይሄ ኮድ ዝም ብሎ አይላክም። ሰውየው መጀመሪያ የይለፍ ቃሏን አስገብቷል። አንደኛውን በር አልፎ ሁለተኛው ላይ ነው የቆመው። የቀሩት እርስዎ ነበሩ" አለች። ሳላውቀው የልጄ ቤት መቀርቀሪያ ሆኜ ኖሬያለሁ!

"ግማሹን አንብቤለታለሁ" አልኳት። ግማሹ እንደማይከፍት፣ ኮዱም ቶሎ እንደሚቃጠል ነገረችኝ። "ግን የይለፍ ቃሉ በእጁ ነው፤ በሌላ መንገድ ይመለሳል" አለች። አንቺ ጋ ስንደውል ጥሪ አይቀበልም ይላል። ደግመን ደጋግመን ደወልን። ያቺን ሰዓት ለጠላቴም አልመኛት።

ቢሊሴ ስልኩ ላይ ኢሜይልሽን ከፈተች። ሁለት መልእክት ገብቷል። አንደኛው አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ጋ ይጫኑ ይላል ስትለኝ "ተጫኚው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!" ብዬ ጣቴን ሰደድኩ። እጄን መታ አድርጋ መለሰችው። ከዚያ የቆዩትን የድርጅቱን መልእክቶች ስታገላብጥ ግራ ገባት። "አዴ፣ ቦራ ምንድነው? ሁሉም አናት ላይ ቦራ ቦራ ይላል" አለችኝ።

ቦራ! የአህያችን ስም! በእንባዬ መሐል ሳቄ መጣ። አህያዋን እስከ ፈረንጅ አገር ይዘሻት ሄደሽልኛል ለካ! ቢሊሴም እየሳቀች ነገሩን ነገረችኝ። አንቺ የመረጥሽውን ቃል ድርጅቱ በሚልክልሽ መልእክት ሁሉ ላይ ያትመዋል፤ ሌባው ቃሉን ስለማያውቀው ሊያስመስለው አይችልም። ያ ተጫኑኝ የሚለው መልእክት ቦራ የለበትም። ሁለተኛው ግን ቦራ አለበት፤ አንድ ሰው ከአዲስ ስልክ ሊገባ ሞክሯል፣ እርስዎ ካልሆኑ አካውንቱን ያግዱ ይላል። እሷ ግን በዚያኛውም ውስጥ ቢሆን አልተጫነችም። ሳትዘጊው ስልኩ ላይ ትተሽው የሄድሽውን የድርጅቱን መተግበሪያ ራሷ ፈልጋ ከፈተችና ከዚያ ላይ አገደችው። "አሁን ባለቤቷም ብትሆን መልኳንና መታወቂያዋን ሳታሳይ አንዲት ሳንቲም አታወጣም" አለችኝ። ትንፋሼ የተመለሰው ያኔ ነው።

የቀረውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ኔትወርኩ ሲመለስ መታወቂያሽን አሳይተሽ፣ የይለፍ ቃልሽን ቀይረሽ፣ ኮዱም በመልእክት ወደ እኔ መምጣቱ ቀርቶ አንቺው ስልክ ውስጥ ባለ መተግበሪያ ላይ እንዲወጣ አድርገሽ፣ አሮጌውን ስልክ ከአካውንቱ አስወጥተሽ፣ "እማ፣ አለ፤ ምንም አልተነካም" አልሽኝ። ያቺን "አለ" ያልሽበትን ድምፅ ሳስበው ዛሬም ደረቴ ቅልል ይለኛል። ሀምዲያን አቅፌ ማሽላውን በሙሉ ደፋሁት። ዶሮዎቹ ድግስ በሉ።

ቢሊሴ ንገሪያት ያለችኝን ደግሞ ልንገርሽ። ስልክሽ ቢጠፋ የምትገቢባቸውን መጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጻፊና ከስልክሽ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ፎቶ እንዳታነሺው። ገንዘቡ አንቺ ወደፈቀድሽው አድራሻ ብቻ እንዲወጣ አድርጊ፤ አዲስ አድራሻ ሲጨመር አንድ ቀን የሚያስጠብቅ ማድረግ ይቻላል ብላለች። የይለፍ ቃልሽንም ለዚያ ቤት ብቻ የሆነ አድርጊው፤ የፌስቡኩን አትድገሚው። ድርጅቱ ደውሎ ኮድ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ካለ እሱ ድርጅቱ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጠይቃኛለች። "የይለፍ ቃሏን ከየት አገኘው? ስትሠራ ከጎኗ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ነበር?" አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። አንቺ ታውቂያለሽ።

እኔስ ተምሬያለሁ። አሁንም ለሰፈሩ አነባለሁ፤ የቁጥር መልእክት ከሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ዓይኑ እያየ ካልሆነ በአጥር ላይ አልጮህም። ሀምዲያ "አንተ አሁን ባንክ ሆነ! ዘበኛ ብቻ ቀረ!" እያለች ታሾፍብኛለች።

እንግዲህ የመጣውን ሰው ልንገርሽ። ትናንት ቴዎ መጣ፣ እጮኛሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ወደዚህ እግሩን ያነሣው ገና አሁን ነው። ሙዝ ይዞልኝ መጣ። አንቺን ጠየቀ፣ ጤናዬን ጠየቀ። ከወዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማና "የማን ልጅ ነው?" አለኝ። የሀዲል ነው አልኩት። "ሀዲል? ሀዲል ኩርሙክ አይደለች እንዴ?" ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሐሙስ ነው የመጣችው፣ ያውም በጠዋት አልኩት።  ለእኔ ያመጣውን ሙዝ ራሱ ልጦ በላው።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ጫማውን እያየ "እማማ፣ አሁን ኮዱ በዚህ ስልክ መምጣት ተወ እንዴ?" አለኝ።

ልጄ፣ እኔ ስለ ኮድ ለሰው አልተነፈስኩም። እዚህ የምናውቀው እኔ፣ ሀምዲያና ቢሊሴ ብቻ ነን፤ ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ፣ ከአፋቸው አልወጣም። "የምን ኮድ ልጄ?" አልኩት እየሳቅሁ። "አይ፣ ምንም" ብሎ ሄደ። በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የተሰማኝ ንዴት እንዳይመስልሽ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ፣ ከረጅም መንገድ እንደገባ ሰው።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የእጅሽን ፍሬ ለራስሽ ያድርግልሽ። የምታምኚውን ሰው ልቡን ገልጦ ያሳይሽ፤ ጊዜው ሳያልፍ ያሳየሽ ጌታ ይመስገን።

ይህን ጽፌ ላሽገው ስል ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ቢሻው መጡ። አልቀመጥም ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ቴዎ ልጅሽን እንድንጠይቅለት ለሽምግልና ልኮናል፤ እሁድ ሦስት ሆነን እንመጣለን፤ ይመቻል ወይ?" አሉኝ። "ልጄ ካልጻፈችልኝ ወንበር አላወጣም" አልኳቸው። ፊቴን አዩት፣ አዩት፣ "እንዲያ ከሆነ ወንበሩ ይቆይ" አሉና ሄዱ።

የምትወድሽ እናትሽ